ለጎበዙ ልጅ ጊዜ ስጡት

ባጃጅ መንዳት ከጀመረ ወር ያልሞላው ልጅና አራት ዓመት የነዳ ልጅ ነገ አይሱዙ ሊይዙ ነው ቢባል፣ እኔ ይበልጥ የምሰጋው ለባለ አራት ዓመቱ ነው። ወላይታ ሶዶ መናኸሪያ አካባቢ ይህን ስናገር የሚቀበለኝ ጥቂት ሰው ነው። «ልምድ ያለው አይሻልም እንዴ?» ይሉኛል። ልምዱ የአይሱዙ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር። የዚህ ልጅ እጅ ግን አራት ዓመት ሙሉ የለመደው እንደ ሞተር ሳይክል ያለ እጀታ ነው። ማርሽ የሚቀይረው ግራ እጁን እያዞረ ነው። ከፊቱ ያለችው አንዲት ጎማ የት እንደምታርፍ ሳያስብ ያውቃል፤ ሰውና ጋሪ በተጨናነቀበት የገበያ ቀን በኮብልስቶኑ ላይ ማንንም ሳይነካ ተሹለክልኮ ይወጣል። ጀማሪው ትልቁ መኪና ላይ ሲወጣ ይፈራል፤ ፍርሃቱም ቀስ ያሰኘዋል። ጎበዙን ግን እጁ «አውቀዋለሁ» ይለዋል።

ይህን ነገር አጥርቶ ያሳየኝ ከእኛ እጅግ የራቀ ሰው ነው፤ የኮሎምቢያው የመኪና ተወዳዳሪ ሁዋን ፓብሎ ሞንቶያ። ሞንቶያ ቦጎታ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1975 ተወለደ። በ1999 ጎማቸው ያልተሸፈነ መኪኖች በሚሽቀዳደሙበት የአሜሪካ ሻምፒዮና አንደኛ ወጣ፤ በ2000 የኢንዲያናፖሊስ 500ን በመጀመሪያ ሙከራው አሸነፈ። በ2001 ፎርሙላ ዋን ገባና ገና በሦስተኛ ውድድሩ ብራዚል ላይ ሚካኤል ሹማከርን ተጋፍቶ አለፈው። ለዊሊያምስና ለማክላረን እየነዳ ሰባት ውድድሮችን አሸንፏል። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ በሐምሌ 2006 ፎርሙላ ዋንን ትቶ ወደ አሜሪካው ናስካር ለመሄድ የወሰነው።

ናስካር ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። የፎርሙላ ዋን መኪና አራቱም ጎማዎቹ ከአካሉ ውጭ የተንጠለጠሉ፣ ሹፌሩ መሐል ላይ የሚተኛበት፣ ያኔ ሹፌሩን ጨምሮ 600 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ነበር። የናስካሩ ከሩቅ ሲያዩት የቤት መኪና ይመስላል፤ ጣሪያ አለው፣ ጎማው በፓራፋንጎ ተሸፍኗል፣ ሹፌሩ በግራ በኩል ይቀመጣል። ክብደቱ ከ1,500 ኪሎ በላይ ነበር። ፎርሙላ ዋን ላይ ማርሽ የሚቀየረው ከመሪው ጀርባ ባለች ምላስ በጣት ነው፤ ናስካር ላይ ያኔ ካምቢዮው ባለ አራት ማርሽ፣ ሞተሩም እስከ 2011 ድረስ በካርቡሬተር የሚሠራ ነበር። ፎርሙላ ዋን ላይ ጎማ ከጎማ ከተነካካ መኪናው ወደ ሰማይ ሊነሳ ይችላል፤ ስለዚህ ተወዳዳሪው የሚማረው አለመንካትን ነው። ናስካር ላይ ግን ያኔ ከአርባ የሚበልጡ መኪኖች በአንድ ግንብ ሥር ተጠጋግተው ይሮጡ ነበር፤ መነካካት የዕለት ሥራ ነው፣ አንዱ ሌላውን ከኋላ እየገፋ ያፈጥነዋል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የዓይን ጉዳይ ነው። የፎርሙላ ዋን ተወዳዳሪ ሁለቱን የፊት ጎማዎቹን ያያል፤ በኩርባው ጠርዝ ላይ በጣት ልክ ያሳርፋቸዋል። ናስካር ላይ ጎማው አይታየውም፤ ቀኝ ጎኑም እንዲሁ። ስለዚህ በስታዲየሙ ጣሪያ ላይ አንድ ጠቋሚ ይቆምለታል። «ቀኝህ ላይ ነው፣ አሁንም ቀኝህ ላይ ነው፣ አለፍከው» እያለ በሬዲዮ ይነግረዋል። የዓለም ምርጥ ሹፌር በራሱ ዓይን መንዳት አቁሞ በሌላ ሰው ዓይን መንዳት ይጀምራል ማለት ነው። ይህንን መቀበል ትልቅ ትሕትና ይጠይቃል፤ ሞንቶያም ተቀብሎታል።

እኛ አገር ይህን ጠቋሚ እናውቀዋለን። ረዳት እንለዋለን። «ና፣ ና፣ ና... ቀኝ ስበር... በቃ!» እያለ የጭነት መኪናውን ወደኋላ የሚያስገባው፣ ዳገት ላይ ሲቆም ከጎማው ሥር ታኮ የሚያደርገው፣ ጎማ የሚፈታው፣ ሌሊት ሹፌሩ እንዳያንቀላፋ የሚያወራው ልጅ ነው። የድሮዎቹ የሶዶ ሹፌሮች፣ እነዚያ ፊያት ኤንትሬ ይዘው ጭቃ ውስጥ ያደጉት፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ረዳት ነበሩ። አንዱ ሦስት ዓመት፣ ሌላው ስድስት ዓመት ከጎን ተቀምጧል። መሪ ከመጨበጡ በፊት የሞተሩን ድምፅ ያውቃል፤ ፍሬን ሲግል ምን እንደሚሸት ያውቃል፤ የቱ ድልድይ ክረምት ላይ እንደሚጥለቀለቅ ያውቃል። ሲሰደብም ሲመከርም የዋለው እዚያው ጋቢና ውስጥ ነው። መንጃ ፈቃዱ ሲመጣ ወረቀቱ የሚያጸድቀው ቀድሞ የነበረውን እውቀት ነበር።

ባጃጅ ይህንን መሰላል ሰበረችው። ባጃጅን እየኮነንኩ አይደለም። ወላይታ ከአገሪቱ እጅግ ጥቅጥቅ ያለ ሕዝብ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ለወጣቱ የሚደርሰው መሬት ጠባብ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ያጣው ብዙ ነው። ባጃጅ ለስንቱ እንጀራ ሆናለች፤ እናትን አሳክማለች፣ ታናሽን አስተምራለች። የምለው ሌላ ነው። ባጃጅ ረዳት የላትም። ልጁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ብቻውን ነው፤ ራሱ ሹፌር፣ ራሱ ሒሳብ ተቀባይ። ማንም ከጎኑ ተቀምጦ «ቀስ በል» አይለውም። አራት ዓመት ቆይቶ ገንዘብ ሲያጠራቅም ወይም ዘመድ መኪና ሲገዛ፣ ጋቢና ውስጥ አንድም ቀን ተለማማጅ ሆኖ ሳይቀመጥ በቀጥታ አይሱዙ ወይም ዶልፊን ይሰጠዋል።

ሞንቶያን ማን እንዲህ አደረገው? ማንም። የቀጠረው ቡድን ስሙን አይቶ በቀጥታ ከትልቁ ውድድር ውስጥ አልጣለውም። በ2006 መጨረሻ ወራት አርካ በሚባለው ውድድር፣ ቀጥሎም ያኔ ቡሽ ይባል በነበረው የናስካር ሁለተኛ ደረጃ ውስጥ፣ ገና ስም ከሌላቸው ልጆች ጋር አሽቀዳደመው። ሰባት የፎርሙላ ዋን ድል ያለው ሰው እንደ ተማሪ ተሰለፈ። በቀጣዩ ዓመት ሶኖማ ላይ አሸነፈ፤ በ2010 ደግሞ ዋትኪንስ ግሌን ላይ። በሰባት ሙሉ የውድድር ዘመን በትልቁ ውድድር ያገኘው ድል እነዚህ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ደግሞ ግራና ቀኝ በሚታጠፉ ሜዳዎች ላይ የተገኙ ናቸው፤ ማለትም የድሮው እጁ በሚሠራበት ቦታ። ወደ ግራ ብቻ በሚዞረው ሞላላ ሜዳ ላይ አንድም አላሸነፈም። በ2009 ኢንዲያናፖሊስ ላይ ተቃርቦ ነበር። ከ160 ዙር 116ቱን መርቶ፣ ነዳጅና ጎማ ወደሚቀየርበት መስመር ሲገባ ከተፈቀደው ፍጥነት በማለፉ ተቀጣና 11ኛ ወጣ።

ብዙዎች ሞንቶያን «ናስካር ላይ ከሸፈ» ይሉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። በ2014 ወደ ቀድሞው የመኪና ዓይነት ተመለሰና በ2015 ኢንዲያናፖሊስ 500ን ዳግመኛ አሸነፈ፤ ከመጀመሪያው ድሉ 15 ዓመት በኋላ። ያው እጅ፣ ያው ዓይን ነው። ችሎታው የትም አልሄደም ነበር። ሌላው መኪና ሌላ እውቀት ይጠይቅ ነበር፤ ያንን እውቀት በልጅነታቸው የጀመሩት ሰዎች ደግሞ ከፊቱ ነበሩ።

እንደ ሞንቶያ የተሻገረ ሳም ሆርኒሽም አለ። ኢንዲ በሚባለው፣ ጎማቸው ያልተሸፈነ መኪኖች በሚሽቀዳደሙበት ውድድር ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ፣ በ2006 ኢንዲያናፖሊስ 500ን በመጨረሻው ቀጥታ መስመር ላይ ማርኮ አንድሬቲን አልፎ የነጠቀ ሰው። በ2008 ሙሉ በሙሉ ወደ ናስካር ትልቁ ውድድር ገባ፤ እዚያ አንድም ጊዜ አላሸነፈም። ዳሪዮ ፍራንኪቲ በ2007 ኢንዲያናፖሊስንም ሻምፒዮናውንም ወስዶ በ2008 ተሻገረ። በዚያው ዓመት ታላዴጋ ላይ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ፤ ወራት ሳይቆይ ስፖንሰር በመጥፋቱ መኪናው ከውድድር ወጣ። ተመልሶ በ2009፣ በ2010ና በ2011 ተከታታይ ሻምፒዮን ሆነ። ዳኒካ ፓትሪክ ከ2010 ጀምራ ሁለት ዓመት በከፊል፣ በ2012 አንድ ሙሉ ዓመት በሁለተኛው ደረጃ ነድታ ነው በ2013 ወደ ትልቁ የተሻገረችው፤ ዴይቶና 500ን ከመጀመሪያው ቦታ ተነስታ 8ኛ ወጣች።

ቶኒ ስቱዋርት ግን ሰመረለት። የ1997 የኢንዲ ሻምፒዮን ነበር፤ በ1999 ናስካር በገባበት የመጀመሪያ ዓመት ሦስት ጊዜ አሸነፈ፤ በ2002፣ በ2005ና በ2011 ሻምፒዮን ሆነ። ለምን ለእሱ ሆነ? ከልጅነቱ ጀምሮ የሚሮጥ ነገር ሁሉ ላይ ሲወጣ ስላደገ፣ በአፈርም በአስፋልትም ላይ ስለነዳ ነው። በዚያም ላይ በ1998 ሁለተኛው ደረጃ ላይም እየነዳ ይማር ነበር። እጁ አንድ መኪና ብቻ ስላልለመደ ለመማር ዝግጁ ሆኖ ቆየ።

የመኪና ውድድር ከእኛ ሕይወት ሩቅ ነው የሚል ካለ ወደ ሩጫችን ይምጣ። ኃይሌ ገብረሥላሴ በሜዳ ላይ ያልሰበረው ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2002 ለንደን ማራቶን ላይ ሮጦ ሦስተኛ ሆነ። ወደ ሜዳ ተመልሶ በ2004 አቴንስ ላይ 10,000 ሜትር ሮጠ፤ የማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን በርሊን ላይ የሰበረው በ2007 ነው፤ በ2008 ደግሞ 2:03:59 ገባ። ቀነኒሳ በቀለ በ2014 ፓሪስ ላይ የመጀመሪያ ማራቶኑን በ2:05:04 አሸነፈ፤ በቀጣዩ ጥር ዱባይ ላይ አቋርጦ ወጣ። 2:01:41 የሮጠው በ2019 ነው። ያን ያህል የተባረከ እግር አዲሱን ርቀት ለመግራት አምስት ዓመት ፈጀበት። ያኔ «አበቃለት» ያሉ ሰዎችን አስታውሳለሁ፤ ያሳዝኑኝ ነበር።

እንግዲህ ለቀነኒሳ አምስት ዓመት ያስፈለገውን፣ የባጃጅ ልጃችን በአምስት ቀን እንዲጨርስ እንጠብቃለን።

መንገዶቻችንን አስቡ። ከሶዶ ተነስቶ በሁምቦ በኩል ወደ አባያ ሐይቅ ዳርቻ የሚወርደው መንገድ ሰባት ስምንት መቶ ሜትር ቁልቁል ይጥላል። በበሌ በኩል ወደ ኦሞ ሸለቆና ወደ ዳውሮ የሚወስደው ከዚያም የባሰ ነው። የአርባ ምንጭ ሙዝ በሶዶ በኩል ሌሊት ወደ ላይ ይወጣል፤ ሙዝ አይጠብቅም፣ ነጋዴውም አይጠብቅም። ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር ማዕከል ከሆነች ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ ደግሞ የሰውና የዕቃ ምልልሱ ጨምሯል።

በዚህ መንገድ የሚሠራ አንድ ወጣት አውቃለሁ፤ ከባጃጅ ወደ አይሱዙ ከተሻገረ ገና ጥቂት ጊዜው ነው። እንዴት ነው አልኩት። «ጋሼ፣ ባጃጅ ላይ ፍሬን ስይዝ ትቆማለች። ይሄኛው ሲይዙት መጀመሪያ ያስብበታል» አለኝ። ቁልቁለት ላይስ ምን ታደርጋለህ አልኩት። ሳያፍር ነገረኝ፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ፎሌ ያደርጋል። ባጃጅ ላይ የለመደው ነው። ቀላል ናት፣ ሳንቲሟም ትታሰባለች፤ ቁልቁለት ሲያገኙ ማርሹን አውጥቶ መንሸራተት የብዙዎቹ ልማድ ነው። አሥር ቶን ገደማ የሆነ መኪና ላይ ግን ፎሌ ማለት ሞተሩ መኪናውን መያዝ አቆመ ማለት ነው። ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ፍሬኑ ይግላል፣ ሲግል ኃይሉ ይደክማል፣ ልጁ ደጋግሞ ይረግጣል፣ ይብሱን ይግላል። በማግስቱ ወሬው «ፍሬን እምቢ ብሎት ነው» የሚል ይሆናል። የድሮ ሹፌሮች ሕግ አጭር ነበር፤ ዳገቱን የወጣህበትን ማርሽ ይዘህ ውረድ። ይህን ሕግ ለዚህ ልጅ የነገረው ሰው አልነበረም። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ንቁ ነው፣ ሥራ ወዳድ ነው፣ አይጠጣም። ያልነገርነው እኛ ነን።

ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በጎረቤታችን ሲዳማ ክልል ቦና አካባቢ ሰርገኞች የጫነ አይሱዙ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ከ70 በላይ ሰው አለቀ። ያንን ሳምንት ሶዶ ውስጥ ያላለቀሰ ቤት አላየሁም፤ እኛም ሰርገኛ በአይሱዙ እንጭናለን። የዚያን ሹፌር ታሪክ አንስቼ ለመፍረድ አይደለም ይህን የማነሳው። የማነሳው ከእንዲህ ያለ ሐዘን በኋላ ሁልጊዜ ስለምንለው ነገር ነው። ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ ስም አውጥቷል። ስሙ ምሬታችንን ይናገራል። መኪናውን ሰይጣን ካደረግነው በኋላ ግን ሹፌሩ ከየት መጣ፣ ማን አስተማረው፣ ከጎኑ ማን ነበር ብሎ የሚጠይቅ ይጠፋል። እነዚህ ጥያቄዎች ከስሙ ይልቅ ሰው ያድናሉ ብዬ አምናለሁ።

ሕጉ የለም አልልም። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ባለ ሦስት እግሩን ከጭነት መኪናው፣ ጭነቱን ከሕዝብ ማመላለሻው ይለያል፤ ሥልጠናና ፈተና ያዝዛል። ማሠልጠኛው የማሠልጠኛ መኪና አለው፣ ፈተናው ሜዳ አለው። ባዶ መኪና ይዞ በሜዳ ላይ መዞርና ዝንጅብል ወይም ሲሚንቶ ጭኖ በዝናብ ወደ ኦሞ መውረድ ግን አንድ አይደሉም። እኔ የምናገረው ከፈተናው በኋላ ስላሉት የመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ እነዚያ ወራት በባለቤቱ እጅ ናቸው።

ስለዚህ ነገሬ ለመኪና ባለቤቶች ነው፤ ለብዙዎቻችሁ ዘመድ ነኝ፣ ለአንዳንዶቻችሁ ጎረቤት። ከባጃጅ የመጣውን ልጅ ስትቀጥሩ ለሦስት ወር ከአንድ ነባር ሹፌር ጎን አስቀምጡት። የመጀመሪያው ወር ረዳት ይሁን፤ መሪ አይንካ፣ ያዳምጥ። ሁለተኛው ወር ሜዳ መንገድ ላይ በቀን ይንዳ፣ መኪናው ባዶ ይሁን። ሦስተኛው ወር ከነጭነቱ የሁምቦን ቁልቁለት ነባሩ ሹፌር ጎኑ ተቀምጦ ይውረድ፤ በየትኛው ማርሽ እንደሚወርድ እጁ እስኪለምድ ደጋግሞ ይውረድ። ሌሊት አይሰማራ። ሰርገኛም፣ ለቀስተኛም፣ ለመስቀልና ለጊፋታ ወደ አገሩ የሚገባ ሰውም አይጫንበት። የባጃጅ ማኅበራትም ሊያግዙ ይችላሉ፤ ልጆቻቸው ወዴት እንደሚሻገሩ ከማንም ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ሁለት ደመወዝ መክፈል ይከብዳል የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ይከብዳል። ሞንቶያን በቡሽ ያሽቀዳደመው ቡድንም ከፍሏል፤ ለትሩፋት አይደለም የከፈለው፣ መኪና ውድ ስለሆነ ነው። የእናንተም መኪና ውድ ነው። ብዙዎቻችሁ በብድር፣ ቤትና ከብት አስይዛችሁ የገዛችሁት ነው። የነባር ሹፌር የሦስት ወር ክፍያ፣ አንዲት የተገለበጠች አይሱዙን ጋራዥ ከማስገባት ጋር አይወዳደርም፤ የልጁን ነፍስና የተሳፋሪውን ነፍስ ገና ሳልቆጥር ነው።

ሽማግሌ ሹፌሮች አይጠፉም። ዕድሜ ገፍቶባቸው ረጅም መንገድ የተዉ፣ ጠዋት ጠዋት ቡና እየጠጡ የሚያወጉ ብዙ ናቸው። ከእነሱ አንዱን፣ አርባ ዓመት ገደማ ሲነዱ የኖሩትን፣ ባለፈው ሰሞን ጠየቅኳቸው። ከባጃጅ የመጣ ልጅ ሦስት ወር ጎንዎ ቢቀመጥ ያስተምሩታል ወይ አልኳቸው። ስለ ክፍያው አላነሱም። «አስተምረዋለሁ» አሉ፤ «ግን ባለቤቱ አንድ ቃል ይግባልኝ። ቁልቁለት ላይ ሳለን እየደወለ ‹የት ደረሳችሁ?› እንዳይለን።»